ያልተከፈተው ገንቦ

በአንዲት የገበያ ከተማ በጠላቸው የታወቁ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ቤታቸው ከገበያው መውጫ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ገጠር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ቅዳሜ እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ሸምቶ ወደ አገሩ የሚመለስ ገበሬ እሳቸው ዘንድ ጎራ ሳይል አያልፍም። ደጃፉ ላይ ከቆመው እንጨት ጫፍ እንደ ደንቡ ጣሳ ተደፍቶበታል፤ ነገር ግን ወደ እሳቸው የሚመጣ ሰው ጣሳውን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም፤ እግሩ ራሱ ያመጣዋል።

ጓዳቸው ውስጥ አምስት ጋኖች ተደርድረዋል። አራቱ አሳፍረዋቸው አያውቁም። አምስተኛው፣ ለበሩ የቀረበው፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ጠባዩን ለወጠ። ያው ጌሾ፣ ያው ብቅል፣ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ውሃ ነው፤ የአራቱ ጠላ ደህና ሆኖ ሲወጣ የበሩ ጋን ግን ገበያው ሳይደርስ ይኮመጥጣል። አንድ ጊዜ ቢሆን ባለፉት፤ ደጋገመው።

ምክንያቱን ያልነገራቸው ሰው አልነበረም። ጎረቤታቸው «በር ላይ ስለሆነ ነው፤ አላፊ አግዳሚው በዓይኑ እየበላው ነው» አሉ። ሸክላ ሠሪዋ «ጋኑ በደንብ ሳይተኮስ የወጣ ነው» አለች። ጌሾ የሚሸጡላቸው ሰውዬ «ውሃው ነው፤ ምንጩን ከብት ገብቶበታል» አሉ፤ ውሃ የምትቀዳው ደግሞ «ጌሾው ነው» አለች። ባልቴቲቱ የተባሉትን ሁሉ አደረጉ። መጋረጃ ሰቀሉ። በወይራ አንዴ ይታጠን የነበረውን ሦስቴ አጠኑት። ጌሾ ከሌላ ሰው ገዙ። ውሃ ከላይኛው ምንጭ አስቀዱ። በመጨረሻም ጋኑን ራሱን አውጥተው በቦታው አዲስ ተከሉ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለአንድ ጥምቅ ነው። ያም ጠላ ኮመጠጠ።

እኚህ ሴት የወንድማቸውን የልጅ ልጅ ከገጠር አምጥተው ያስተምሩ ነበር። ልጅቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ትውላለች፤ ከሰዓት በኋላ ጋን ታጥባለች። ጋን ማጠብ ቀላል ሥራ አይደለም። ግራዋ ይሸመጠጣል፤ ክንድ እስከ ብብት ገብቶ ጋኑ ከሥሩ ጀምሮ ይፈተጋል፤ ታጥቦ ይደፋል፤ ሲደርቅ ወይራው ተጭሶ ጋኑ በጭሱ ላይ ይከነበላል። ሦስት ዓመት ስታጥብ የጋኖቹን ሆድ ከማንም በላይ አውቃዋለች፤ የትኛው የቱ ጋ ሻካራ እንደሆነ፣ የትኛው አንገቱ እንደሚጠብ በጣቷ ትለያለች። ጠላው ውስጥ ግን እጇን አግብታ አታውቅም። ጥንስሱን የሚጠነስሱት፣ ብቅሉን የሚለኩት፣ እንኩሮውን የሚያማስሉት እማማ ናቸው። እሷ ታቀብላለች። «ለምን?» ብላ የጠየቀች እንደሆነ «እያየሽ ተማሪ» ትባላለች።

«እያየሽ ተማሪ» ክፉ ምክር አይደለም። ባልቴቲቱም ከእናታቸው የተማሩት እንዲሁ ነው። ዳሩ ግን በማየት የሚወረሰው የሚሠምረው ሥራ ነው። የበሩ ጋን እምቢ ያለ ዕለት ከእናታቸው ያዩት ሁሉ አንድም መልስ አልነበረውም፤ እናታቸው ያልገጠማቸውን ነገር ሊያሳዩዋቸው አይችሉማ።

አንድ ቀን ምሽት፣ ያው የበሩ ጠላ ለከብት ተደፍቶ ሁለቱም ደክሟቸው ምድጃው ዳር ተቀምጠው ሳለ፣ ልጅቱ «እማማ፣ እኔ አንድ ጋን ልጥመቅ?» አለች።

«ጋን? የአንድ ጋን ብቅል ስንት ብር እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። የበሩን ጋን ምን እንደነካው ማወቅ ፈልጌ ነው እንጂ ለመሸጥ አይደለም።»

ባልቴቲቱ አልመለሱላትም። ሌሊቱን ግን አልተኙም። ልጅ እጅ ላይ የወደቀ ብቅል የጠፋ ብቅል ነው፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ፣ በከንቱ የደፉት ጠላ ሲደመር ለልጅቱ ከሚሰጧት በላይ ነው። በማለዳ ተነሥተው ከቤቱ ጀርባ ሄዱና አፋቸው የተሸረፈ፣ ጆሯቸው የተሰበረ ሰባት ገንቦዎች ከአረም ውስጥ ለቅመው አመጡላት። ከከረጢቱ ሥር የቀረውን ብቅል አራገፉላት።

«ጋን አልሰጥሽም። እነዚህን ውሰጂ» አሉ። «ብታበላሺው አልቆጣም። ለማበላሸት ብዬ ነው የምሰጥሽ። አንድ ነገር ግን አደራ። ያደረግሽውን ሁሉ፣ የሳትሽውንም ጨምረሽ፣ ሳትደብቂ ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ እማማ።»

ልጅቱ ሦስት ዓመት ያየችው አልጠፋትም። ጌሾውን ወቅጣ ጠነሰሰች፤ ብቅሉን ጨመረች፤ እንኩሮዋን አብስላ ደፈደፈች። ሁሉንም ያደረገችው በአንድ ትልቅ ማድጋ ነው፤ ድፍድፉ አንድ እንዲሆን። ከዚያ ለሰባቱ ገንቦዎች አከፋፈለችና በየአንዳንዱ አንዲት ነገር ብቻ ለወጠች። የመጀመሪያውን ከላይኛው ምንጭ በተቀዳ ውሃ በጠበጠች። ሁለተኛው ላይ ከሌላው ነጋዴ የተገዛ ጌሾ ጨመረች። ሦስተኛውን ሳታጥን ተወችው። አራተኛውን ያለ ግራዋ በውሃ ብቻ አጠበችው። አምስተኛውን በሩ ሥር፣ ሰው የሚያይበት አኖረች። ስድስተኛው ላይ ብቅል አበዛች። ሰባተኛውን እማማ እንደሚያደርጉት አድርጋ፣ ምንም ሳትለውጥ፣ አፉን በጭቃ መርጋ ጥግ አስቀመጠችው።

ጎረቤቲቱ ሊጠይቁ መጥተው ገንቦዎቹን ሲያዩ «ይኸኛው ምንድን ነው?» አሏት።

«ያኛው ጌሾ ነው፤ ይኸኛው ውሃ ነው» እያለች አስረዳች።

«ጥግ ያለውስ?»

«እሱ ምንም አይደለም።»

«ምንም ካልሆነ ብቅሉን ለምን ታባክኚበታለሽ?»

ልጅቱ መልስ አጣች። እሷም ሰባተኛውን ለምን እንዳስቀመጠችው በቃል መናገር አልቻለችም። የተለወጠውን ካልተለወጠው አጠገብ ካላዩት መለወጡ በምን ይታወቃል የሚል ነገር በሆዷ ነበር፤ ግን ሐሳቡ ገና ቋንቋ አልነበረውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከስድስቱ ገንቦዎች ምርጊቱን ላጥ እያደረገች ታሸታለች፣ በማንኪያ ትቀምሳለች፣ መልሳ ትመርጋለች። ያየችውን በከሰል ግድግዳው ላይ ትጽፋለች። ለደህናው ክብ፣ ለሚያጠራጥረው መስመር፣ ለኮመጠጠው መስቀለኛ። ሰባተኛውን አትከፍተውም፤ ምንም ያላደረገችበትን ምን ልታይበት? በየምሽቱ አንድ ሳይቀር እየከፈተች፣ እጇን ታጥባ፣ በትጋት ትሠራ ነበር። ይህን የምለው በትጋቷ ውስጥ የተደበቀ ነገር ስለነበረ ነው።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ስድስቱም መስቀለኛ ሆኑ።

አንዱ ቢኮመጥጥ ደስ ይላት ነበር፤ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነውና። ሁለቱ ቢኮመጥጡ ትመረምር ነበር። ስድስቱም ሲኮመጥጡ ግን ነገሩ የሁሉም ጥፋት ሆነ፤ የውሃውም፣ የጌሾውም፣ የጭሱም፣ የዓይኑም። ጎረቤቲቱ «አላልኩሽም?» አሉ፤ ጌሾ ሻጩም «አላልኩም?» አሉ፤ ሁሉም ልክ ሆኑ። ልጅቱ ገንቦዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጓሮ እያወጣች ስትደፋ ዕንባዋ ይወርድ ነበር። ሰባተኛውንም አብራ ልትደፋው አነሣችው። ምርጊቱን ስትሰብረው የወጣው ሽታ ሌላ ነው።

ቀመሰችው። ሮጣ ለእማማ አመጣችላቸው። ባልቴቲቱ አንድ ጊዜ ተጎነጩ፤ ዝም አሉ፤ ደግመው ተጎነጩ።

«ይኸ የቱ ነው?»

«ጥግ ያለው ነው። ምንም ያልለወጥሁበት።»

«ሌላ ምን አደረግሽበት?»

«ምንም፣ እማማ። አልነካሁትም።»

ይህን ብላ ቆመች። ከአፏ የወጣውን ቃል መልሳ ሰማችው። ስድስቱን ነክታለች። ውሃው፣ ጌሾው፣ ጭሱ ለየብቻ ነው፤ አንዱ ገንቦ ያለው ለሌላው የለም። ስድስቱንም የሚያገናኝ፣ ሰባተኛው ላይ የሌለ አንድ ነገር ቢኖር የእሷ እጅ ነው።

«እማማ» አለች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ፣ «ያበላሸሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ማታ ማታ እከፍታቸው ነበር።»

ባልቴቲቱ አደራቸውን አስታወሱ፤ አልተቆጡም። ተነሥተው ሌላ ብቅል ሰፈሩላት።

ሁለተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው የሚያምር አልነበረም። ስድስት ገንቦ፣ በሁሉ ነገር አንድ ዓይነት፤ ሦስቱን ማታ ማታ እየከፈተች ሦስቱን እንደተመረጉ ተወቻቸው። ጎረቤቲቱ እንኳ የሚጠይቁት አጡ። ሲያልቅ ከተከፈቱት ሁለቱ ኮመጠጡ፣ አንዱ ደህና ነው ለማለት ይቻላል። ካልተከፈቱት ደግሞ ሁለቱ ጥሩ ወጡ፣ አንዱ ኮመጠጠ። ልጅቱ የኮመጠጠውን ያልተከፈተ ገንቦ ልትደብቀው ፈለገች። ተይ የሚላት አልነበረም፤ ማንም አላየም። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ሲነጋ መብራት ይዛ ምርጊቱን መረመረችው። ጭቃው ሲደርቅ ተሰንጥቋል፤ ክር የምታህል ስንጥቅ። ያልተከፈተ የመሰላት ገንቦ ቀንም ሌትም ተከፍቶ ነበር። ሦስተኛ ዙር ሠራች፤ ምርጊቱን በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች፣ ስንጥቅ እንዳይገባው እየጠበቀች። ያን ጊዜ የተከፈቱት ሦስቱም ኮመጠጡ፤ ያልተከፈቱት ሦስቱም ደህና ወጡ። ግድግዳው በከሰል ጠቁሯል።

አሁን የቀረው ከሁሉ የከበደው ነበር። የበሩ ጋን። ልጅቱ ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ማታ የምድጃውን ፍም እየቆሰቆሰች፣ ዓይኗን ሳታነሣ እንዲህ አለች።

«እማማ፣ ሳልደብቅ እንድነግርዎ አዝዘውኛል።»

«አዎ።»

«የበሩን ጋን ማታ ማታ የሚከፍተው ማን ነው?»

ባልቴቲቱ ልጅቱን አዩአት፤ ከዚያ እጃቸውን አዩት። የበሩ ጋን የቅርቡ ጋን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ ከመቀመጡ በፊት ጠላቸውን የሚቀምሱት ከእሱ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ባለፈው ክረምት፣ በማይታወቅ ምክንያት፣ አንድ ቀን ኮመጠጠባቸው። ከዚያ ወዲያ ሰጉ። «ዛሬስ ደህና ነው?» እያሉ በየማታው ይከፍቱት ጀመር። በኮመጠጠ ቁጥር ስጋታቸው ጨመረ፤ ስጋታቸው በጨመረ ቁጥር ደጋግመው ከፈቱት። መጋረጃው ሲሰቀልም፣ ጌሾው ሲለወጥም፣ አዲሱ ጋን ሲተከልም፣ ያ እጅ አልተለወጠም ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ጠምቄ» አሉና ቀሪውን ሳይጨርሱ ተዉት።

የሚቀጥለው ጥምቅ ሲደርስ የበሩን ጋን ራሳቸው መረጉት። መሸ። እጃቸው በልማዱ ወደ ጋኑ ሄደ፤ ከመንገድ መለሱት። በማግሥቱም እንዲሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሲከፈት የመጀመሪያውን ጣሳ ለልጅቱ ሰጧት። ዘመን መለወጫ ደርሶ ቤቱ ሲለቀለቅ፣ ከሰሉ ያለበትን የግድግዳ ቁራጭ «ይቺን ተዋት» አሉ፤ ሳትለቀለቅ ቀረች።

* * *

ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ ጠላው ውስጥ የሆነው ነገር ግን እውነት ነው። የተመረገ ጋን ውስጥ እርሾው ያለ አየር ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ክዳኑ በተነሣ ቁጥር አየር ይገባል፤ አየር ያገኙ ሌሎች ጥቃቅን ሕይወቶች ደግሞ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። መጠጥን የሚያኮመጥጡት ጥቃቅን ሕይወቶች መሆናቸውን ዓለም ያወቀውም በተማሪ በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1856 ሉዊ ፓስተር ፈረንሳይ ውስጥ በሊል ከተማ ያስተምር ነበር። የአንድ ተማሪው አባት ከስኳር ድንች መሰል ሥር፣ ከቢት፣ አልኮል የሚያወጣ ፋብሪካ ነበራቸው፤ በርሜሎቻቸው እየኮመጠጡ አስቸገሯቸውና ወደ ልጃቸው መምህር መጡ። ፓስተር ከደህናውም ከተበላሸውም በርሜል ወስዶ በማይክሮስኮፕ አነጻጸረ። ደህናው ውስጥ ክብ ክብ የእርሾ ሕዋሳት አየ፤ የኮመጠጠው ውስጥ ከእነሱ የሚያንሱ በትር መሳይ ነገሮች። የተበላሸውን ብቻ ቢያይ ኖሮ በትሮቹ የብልሽቱ ይሁኑ የሁሉም በርሜል ነዋሪዎች በምን ያውቅ ነበር? ደህናው በርሜል የእሱ ሰባተኛ ገንቦ ነው።

እኔ ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ግን ስለ ፓስተር ብዬ ሳይሆን ስለ ተሸረፉት ገንቦዎች ነው። ሕይወት ካለው ነገር ጋር የሚሠራ ምህንድስና፣ ባዮሎጂካል ምህንድስና የሚባለው፣ ከድልድይ ሥራ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለ። ብረት ሲያዩት አይቀየርም። ሕዋስ ግን ያድጋል፣ ይራባል፣ ይሞታል፣ የነካውን እጅ ይመልስለታል፤ ማቀዝቀዣው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ ሳህኑ ስንት ደቂቃ እንደተገለጠ ሁሉ በውጤቱ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ይህን ሙያ «እያየሽ ተማሪ» ብሎ ማስተማር አይቻልም። ተማሪው የራሱ እጅ የሙከራው አካል መሆኑን የሚያውቀው እጁን ያስገባ ዕለት ነው፤ ያም ዕለት ከምረቃ በኋላ ከሆነ ዘግይቷል።

ይህን ከተረዱት አንዷ ማርጋሬት ማክቪካር ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር እውነተኛ ምርምር እንዲሠሩ የሚያስችለውን መርሐ ግብር መሠረተች። ሐሳቡን ቀደም ሲል፣ በ1957፣ የፖላሮይድ ካሜራ ፈልሳፊው ኤድዊን ላንድ በዚያው ተቋም ባደረገው ንግግር አንሥቶት ነበር፤ ገና ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ሊሰጠው ይገባል ይል ነበር። መልሱ ያልታወቀ! እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ ያለው። መልሱ የታወቀ ሙከራ ጋን ማጠብ ነው፤ ይጠቅማል፣ እጅን ያሠለጥናል፤ ግን ጠላ አይደለም።

በዚያው ተቋም እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ጥቂት ተማሪዎች ሕይወት ያላቸውን ሕዋሳት እንደ መብራት ብልጭ ድርግም የሚያደርግ የጂን ሰርኪት እንዲነድፉ ገንቦ ተሰጣቸው። በዓመቱ ነገሩ የአምስት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የሚገናኙበት ውድድር ሆነ፤ አይጄም የሚባለው ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። በ2006 የተቋሙ ቡድን ያቀረበው ሥራ እኔን እስካሁን ይማርከኛል። ኢ. ኮላይ የተባለው፣ አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ሽታው የሚያስጠላ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ባክቴሪያ እያደገ ሳለ ለጡንቻ ሕመም የሚቀባውን ቅባት ሽታ፣ ዕድገቱ ሲቆም ደግሞ የሙዝ ሽታ እንዲሰጥ አደረጉት፤ አፍንጫ ብቻ ያለው ሰው ሕዋሱ የቱ የዕድሜ ደረጃ ላይ እንዳለ ከሽታው እንዲያውቅ። ለመጀመሪያው ሽታ ከፔቱኒያ አበባ ጂን ወሰዱ፤ ለሙዙ ከእርሾ፤ አዎ፣ ከእኛው ጋን ነዋሪ። ነገር ግን የተጨመረው መዓዛ እንዲሰማ መጀመሪያ ያልተነካው ባክቴሪያ የሚለውን መስማት ነበረባቸው። የራሱ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ኢንዶል ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ኢንዶል የማይሠራ ዝርያ መርጠው በእሱ ላይ ሠሩ። ልጅቱ ጋኑን በግራዋ እንደፈተገችው ማለት ነው፤ የቀድሞው ሽታ ሳይለቅ አዲስ ጠላ አይገባም።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ሁልጊዜ የምሰማው ትንሹን ለማጽናናት ሲነገር ነው፤ እኔ ግን ለጋኑ የተነገረ ይመስለኛል። በየዩኒቨርሲቲያችን የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ ሲመረቅ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራል። የሚገባው ግን ብቅሉ ከከረጢቱ ሥር የተራገፈ ቢሆንም የራሱ ገንቦ ነው፤ «ብታበላሸው አልቆጣም፣ ብቻ አትደብቀኝ» የሚል ሰው ደግሞ ከገንቦው ይበልጣል። ሪኤጀንት ውድ ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ባልቴቲቱም የብቅሉን ዋጋ ያውቁ ነበር።

ይህን በተቆርቋሪነት የምናገረው አንድ ነገር ስላለብኝ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራ እርሾ እናፈላ ነበር። በየቱቦው የስኳሩ መጠን ይለያያል፤ የሚወጣው ጋዝ ይለካል። የመጨረሻው ቱቦ ስኳር የለውም፤ መመሪያው ላይ ውጤቱ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ዜሮ። የእኔ ቱቦ ግን አረፋ አወጣ። ትንሽ፣ ግን የማያጠራጥር። ቱቦው በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ የቀድሞ ተማሪ ስኳር ቀርቶበት ይሆን፣ እርሾው ቀድሞ ያጠራቀመውን ስንቅ እየበላ ይሆን፣ ወይስ እኔ ሳላውቅ ከሌላው ቱቦ በተነከረ መምጠጫ ነክቼው ይሆን፣ አልጠየቅሁም። ጓደኛዬ «ዜሮ ነው የሚፈለገው» አለኝ። ደብተሬ ላይ ዜሮ ብዬ ጻፍሁ። ማርኩ ሙሉ ሆኖ ተመለሰልኝ። ቱቦው አረፋ ሲያወጣ ትንሽ ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ አጥቤ ከሌሎቹ ጋር ቦታው መለስሁት።